የጠጠር ካባው ቃለ ጉባኤ

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰበብ መደርደር አያቅተኝም፤ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው፤ ያውም ቁልጭ ያለ።

ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ እኛ ሰፈር፣ ቧንቧ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሷም ከመጣች። ሰዉ የሚኖረው በአንድ ጉድጓድ ውሃ ነበር። የቆፈሩት ጎረቤቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው፣ በገዛ እጃቸው። ሁሉም “ኦቦ” ብቻ ይላቸዋል። ውሃ የጠየቀ አይመለስም ብለው አጥራቸውን በር ሳይገጥሙለት ኖረዋል። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ውሃ ነው።

ከጉድጓዱ ታች የጠጠር ካባ ሊከፈት ነው ተባለና ስብሰባ ተጠራ። መምህር ነኝና፣ እንደ ልማዳችን “ያንቺ ጽሑፍ ያምራል” ተብሎ እስክሪብቶው ለእኔ ተሰጠ። ዳቦና ለስላሳ ታደለ። መገኘታችሁን ለማወቅ ነው ተብሎ ወረቀት ዞረ፤ መጻፍ የሚችል ፈረመ፣ የማይችል አውራ ጣቱን አተመ። ከዚያ ኦቦ ተነሡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ እየወጉ በኦሮምኛ ረጅም ተናገሩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ሁለቴ አየ። እኔ ደግሞ፣ አያድርስ ነው፣ ልብስ አስጥቼ ደመናው መጥቶብኝ ነበር። “ልዩ ልዩ አስተያየቶች ተሰጥተው ስብሰባው በስምምነት ተጠናቋል” ብዬ ዘጋሁት። ሁሌም እንዲህ ነው የምንጽፈው። የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰው ወንበር ቢወራወር እንኳ “በስምምነት ተጠናቋል” ነው።

ካባው ተከፈተ። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አልነበረም። እየጠለቁ ሲሄዱ ግን ከሥር ውሃ ወጣባቸው፤ ድንጋዩን ለማውጣት ውሃውን ቀን ሙሉ በፓምፕ እየሳቡ ቦይ ውስጥ ይደፉት ጀመር። የኦቦ ጉድጓድ በየሳምንቱ ገመድ ያስጨምር ገባ። አንድ ጠዋት ግቢዬን ስጠርግ ባልዲያቸው ደረቅ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አልተወኝም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲወድቅ እሱ ነው፤ በር ሲንኳኳ እሱ ነው። ጠበል ሁሉ ገብቼለታለሁ፤ ወይ ፍንክች!

ከኦቦ ጋር ካባውን ወደ ፈቀደው ቢሮ ሄድን። “ውሃዬን ይመልሱልኝ፤ ካልሆነ ፓምፑ ይቁም” አሉ። ኃላፊው ፋይሉን አውጥቶ፣ “አባባ፣ እዚህ እኮ ተስማምተዋል፤ ጣትዎም አለ” አላቸው።

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። “እኔ የተናገርኩት የት ገባ?”

“ኦቦ፣ ጫጫታ ነበር፤ እርስዎም ፈጠን አሉብኝ፤ አልሰማሁዎትም” አልኩ። አፈር ልብላ! ኦሮምኛ እኮ ከአማርኛ እኩል አፌን የፈታሁበት ነው። እሳቸው ግን አመኑኝ። ጭራሽ “ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ሰዉ ይንጫጫል” ብለው ተሟገቱልኝ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኃላፊው እንደሆነ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ አዲስ አቤቱታ አምጡ ብሎ ሸኘን።

በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥን፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። “ያን ቀን ያልኩትን አንድም ሳታስቀሪ አስገቢልኝ” አሉኝ። እሺ አልኩ። ስለ ቁፋሮው ተናገሩ፣ ከጉድጓዱ ስለሚጠጡት ከብቶች ተናገሩ። እርጅና ነውና መሐል ላይ ጠፋባቸው። ግንባራቸውን ያዙ። “ከዚያ ምን ነበር ያልኩት? አንድ ነገር ብዬ ነበር፤ ዋናው እኮ እሱ ነው።”

ከታች ፓምፑ ያጓራል። ሽማግሌው የገዛ ቃላቸውን ሲፈልጉ ማየት አንጀቴን በላው፤ አላስቻለኝም።

“‘ይህን ውሃ ይዞልን ያለው የታችኛው ድንጋይ ነው፤ እሱን ከነቀላችሁ ውሃው አብሮት ይሄዳል’ ነው ያሉት” አልኳቸው፤ በራሳቸው ኦሮምኛ፣ ቃል በቃል።

ፊታቸው በራ። “እሱ ነው! ኢንተላ ኮ፣ እሱ ነው ልጄ! ጻፊው!”

አቀርቅሬ ጻፍኩ። ጨርሼ ቀና ስል ዓይኔን ያዩኛል።

“ያን ቀን ሰምተሽኝ ነበር እንዴ?” አሉኝ።