የያንግ ጎዳናው ሰረገላ

ፈረሰኛ ፖሊስ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር የፈረስ ላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይመጣና፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ወደነበረችው ጠባብ ቤታችን፣ ወደ አባዬ ይመልሰኛል። አባዬ ደብረ ዘይት ጋሪ ነጂ ነበር፤ ቶሮንቶ ከመጣን በኋላ ግን ከከተማው ዳር፣ ኢቶቢኮ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳ ነበር።

በረዶው ከቤት ሲያውለን፣ ስለ ከተማው ዋና መንገድ፣ ስለ ያንግ ጎዳና የሚያወራ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግረው ነበር። ባቡር ሳይመጣ ሰውም ፖስታም በዚያ መንገድ የሚሄደው በሰረገላ ነበር፤ በረዶ ሲጥል ጎማው ወልቆ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሸርተቴ ይገባለታል፣ በየማረፊያው ፈረሱ ይቀየራል። «ፈረሱን እንኳ ያሳርፉት ነበር፣ አየህ?» ይለኝ ነበር፣ ወገቡን እያሸ።

በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኖ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋ እንደነበር ስነግረው፣ የደብረ ዘይትን ክረምት አስታውሶ ይስቃል። በኋላ ሐዲዱ ተዘረጋና ሰረገላው ቀረ። «ነጂዎቹስ የት ገቡ?» ሲለኝ፣ መጽሐፉ ስለ እነሱ ምንም አይልም ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ፣ ከከተማው በስተሰሜን የሰረገላ ማረፊያ የነበረ ሙዚየም ከአባዬና ከእማዬ ጋር ሄድን። ጎብኚ የሚያሳፍር ሰረገላ የሚነዳ ሰው ይፈልጉ ኖሯል። አባዬ የፈረሶቹን አንገት ሲያሻሽ ያየችው ኃላፊ ጠጋ ስትል፣ ድሮ ጋሪ ይነዳ እንደነበር ነገርኳት። ደስ ብሏት፣ «ለምን አንተ አትነዳልንም? በደመወዝ ነው» አለችው። የአባዬ ፊት በራ፤ ከዚያ እንዳደገበት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ።

እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ እሺ አይልም፤ እሱ ይግደረደራል፣ ጋባዡ ይለምናል። ልናገር ስል እማዬ ክንዴን ያዘችና፣ «ዝም በል፤ አሁን ደግማ ትጠይቀዋለች» አለችኝ። ሴትዮዋ ግን «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም» ብላ፣ ፈገግ እንዳለች ሄደች። አባዬ ከፈረሶቹ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ሊዘጉ ሲሉ ወጣን።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ተመልሰን ስንሄድ ሌላ ሰው ይነዳ ነበር፤ አባዬም ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን አምጣ ብሎኝ አያውቅም። ካደግኩ በኋላ፣ «ምነው ያኔ እሺ ብትል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንዴ ነው እኮ የጠየቀችኝ» አለኝ። ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በእሱ፣ ዛሬም አልለየሁትም።

አሁን እኔ መሥሪያ ቤት ማንኛውም ነገር ሲቀርብልኝ፣ ተናግረው ሳይጨርሱ እሺ እላለሁ። ያኔ በእኛ ቤት ይህ ስድነት ይባል ነበር። እኔ በስድነቴ እንጀራዬን በልቻለሁ፤ አባዬ ጨዋነቱን እንደያዘ፣ ካርቶን ሲያነሳ ኖሮ ጡረታ ወጣ።