ዋናው የት ሄደ?

ትናንት ሜክሲኮ አንድ ቢሮ ወረቀቶቼን ላስገባ ሄጄ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ፎቶኮፒዬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ዋናው የታለ?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በእሷ የሳቅኩ መስሏት ፊቷን ቋጠረች፤ ይቅርታ ጠየቅኳት እንጂ ምክንያቱን ለመንገር ወረፋው አይፈቅድም ነበር። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ፎቶኮፒ ቤት አለው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ማሽኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። በራችን ላይ፣ ከትልቅ ዣንጥላ ሥር፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሽ በቀለ የሚባሉ ሽማግሌ ይቀመጡ ነበር። አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሰው የጎረቤቱን ማመልከቻ ይዞ መጥቶ ስሙን ብቻ ቀይረው እንዲገለብጡለት ሲጠይቃቸው፣ እስክሪብቶአቸውን ከድነው ኪሳቸው ይከቱታል። መጀመሪያ በአፉ ይንገራቸው፤ ተናግሮ እስኪጨርስ አንዲት ፊደል አይጽፉም። ስንቱ ደንበኛ ተናዶባቸው ሄዷል መሰላችሁ።

በዚያ ዓመት የፊዚክስ መምህራችን ለሳይንስ ክበብ ቀን ርዕስ ሲያከፋፍሉ ለእኔ ኳንተም ቴሌፖርቴሽን ደረሰኝ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አራት ገጽ አሳተምኩና ቃል በቃል ሸመደድኩት። ልምምዱ ላይ ግን መምህሩ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አስቆሙኝና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደገምኩላቸው። እስከ ዓርብ በራሴ ቃል ካላስረዳኋቸው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩኝ። ክፍል ውስጥ ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ፤ ለመድረክ ስመረጥ የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱን ሙሉ እንባዬን እየዋጥኩ ሱቅ ደረስኩ።

የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር። ጋሽ በቀለ ጎረቤት ያዳረሰውን ንፍሮ ከወረቀት ላይ እየቆነጠሩ ሲበሉ አገኘኋቸውና አራቱን ገጽ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። እስክሪብቶአቸውን ከደኑ።

«ሀያትዬ፣ ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«የሰው ነው። በአፍሽ ንገሪኝ።»

እየተንተባተብኩ ጀመርኩ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት እዚህ ልደታ አለች እንበል፤ ቅንጣቷ ራሷ መንገድ ሳትሄድ፣ ያለችበት ሁኔታ አዳማ ባለች ሌላ ቅንጣት ላይ ይገኛል አልኳቸው። እንደ ፋክስ ነው ወይ ሲሉኝ፣ አዎ፣ ልክ እንደ ፋክስ አልኩ።

«ታዲያ ዋናው የት ሄደ?»

ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት አካባቢ የፈጁ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃሉ? ገጾቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። አባቴ ከውስጥ «እሷ ኮፒ እንጂ ዋና መች ታውቃለች» ብሎ ሳቀብኝ።

ማታ ገጾቹን እንደገና አነበብኳቸው፤ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳቸው ማለት ይሻላል። መልሱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው፣ እሱንም ሸምድጄዋለሁ! ሁኔታዋ ያልታወቀ ቅንጣት ቅጂ አይወጣላትም። ሁኔታዋ አዳማ እንዲገኝ እዚህ ያለው መጥፋት አለበት፤ ደግሞም እንደ ስልክ ያለ ተራ መልእክት ካልተከተለው አዳማ ያለው ሰው ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ፋክስ ያልኩት ስህተት ነበር።

በማግስቱ ለጋሽ በቀለ ነገርኳቸው። ሁለት ዋና የለም ማለት ነው አሉና ደስ አላቸው። አባቴ ደግሞ ይሄ ነገር ልደታ ከመጣ ሱቃችን መዘጋቱ ነው አለ። ልቤ ሞላና ስለ ምስጢር መልእክትም ቀጠልኩ። ሁለት ሰዎች ምስጢራቸውን የሚቆልፉበትን ቁልፍ በእነዚህ ቅንጣቶች ይላላካሉ። ሌባ መሐል ላይ ሊያይ ቢሞክር፣ ቀድቶ ማሳለፍ ስለማይችል ያበላሸዋል። ሰዎቹ ከቁልፉ ጥቂቱን ያስተያዩና መበላሸቱን ሲያዩ ይጥሉታል፤ ደብዳቤው ገና አልተላከም፣ ምን ቸገራቸው።

«ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ራሱ ለሌባው ቢነግረውስ?»

«ለሱ ፊዚክስ መድኃኒት የለውም፣ ጋሼ።»

ከትናንት የተረፈው ንፍሯቸው እስኪበተን ሳቁ።

ዓርብ ዕለት ወረቀት ሳልይዝ መምህሩ ፊት ቆምኩ። ስጨርስ ማን እንዳስረዳኝ ጠየቁኝ። ማንም አላስረዳኝም፣ አንድ ሰው ጠየቀኝ አልኳቸው። መድረኩ የእኔ ሆነ፤ በክበቡ ቀን፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ድምፄን ሰሙ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ጋሽ በቀለ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ትተዋል፤ ከልደታ ማርያም ጀርባ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። አንድም ቀን አመስግኛቸው እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ ትናንት፣ ያቺ ሠራተኛ ፊት ነው። ከቢሮው በቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ይህን ታሪክ ልጽፍ እንዳሰብኩ ስነግራቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እስክሪብቶዬን ከድኜ ሰጠኋቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምስጋናዬን ጭምር፣ በአፌ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

ስጨርስ እስክሪብቶዬን መለሱልኝ። «በይ፣ አሁን ጻፊው» አሉኝ።