አራት ጣት ከፍ ያለው ሞተር

አጵሎስን ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ የሚያውቁት ባለመቀመጡ ነው። የውሃ ፓምፕና ጄነሬተር የሚጠግንባት ሱቁ ውስጥ አንድ ደህና ወንበር አለች፤ ደንበኛ ይቀመጥባታል እንጂ እሱ ሲቀመጥባት ያየው የለም። ሌሞ ገጠር ውስጥ ተወልዶ፣ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ፣ መጀመሪያ ዱራሜ ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ ቦኖሻ የመስኖ ፓምፖች ላይ ሠርቶ፣ ከዚያ ሆሳዕና ገባ። በአርባ አንድ ዓመቱ ያላደረበት ከተማ የለም ማለት ይቀላል። እጁ ግን የተባረከ ነው። ሌላው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን በግማሽ ቀን ይጨርስና፣ ሞተሩ ገና ሲነሳ መፍቻውን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ሚስቱ ጵርስቅላ አስተማሪ ናት። "አንተ እንደ ጎበዝ ተማሪዎቼ ነህ፤ ቀድመህ ትጨርሳለህ፣ መልሰህ አታየውም" ትለዋለች። እሱ ይስቃል።

ባለፈው ጥቅምት ግን ሳቁ ጠፋ።

ነገሩ የጀመረው ከሙዱላ ቁልቁል ባለው ቆላ ነው። ኦሞ ተገድቦ ውሃው ወደ ኋላ ከተኛ ወዲህ ሸለቆው ሐይቅ ሆኗል፤ ወዲያ ማዶ ለመድረስ ጀልባ የግድ ነው። ናስረዲን የሚባል ነጋዴ አንድ የብረት ጀልባ ከነሞተሩ አምጥቶ በገበያ ቀን ሰውና ዝንጅብል ያሻግራል። የሐይቁ ጠላት ደግሞ ውሃ የዋጠው ዛፍ ነው። ጫፉ ብቅ ያለውስ ደግ ነው፤ ክፉው ከውሃው በታች አንድ ክንድ ገብቶ የሚጠብቀው ጉቶ ነው። ከነዚህ አንዱ የናስረዲንን ፕሮፔለር፣ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን የሞተሩን ክንፍ፣ አጣመመበት። ናስረዲን ጠይቆ አጠያይቆ አጵሎስን አገኘው።

አጵሎስ ከዚያ በፊት የጀልባ ሞተር ነክቶ አያውቅም። "ሞተር ሞተር ነው" አለና ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወረደ። ፕሮፔለሩን አቃንቶ ገጠመው። ሊነሳ ሲል ናስረዲን ያዘው።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ጨምርልኝ። ሞተሩን ከፍ አድርግልኝ። ከፍ ካለ ጉቶ አይነካውም።"

ነገሩ አሳማኝ ነበር። የጀልባ ሞተር የሚሰቀለው ከኋላ ባለው ሰሌዳ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፉን ካስረዘሙት የሞተሩ እግር ወደ ላይ ከፍ ይላል። አጵሎስ አራት ጣት ቁመት ያለው የዋንዛ ጣውላ ቆርጦ ሰሌዳው ላይ ደረበ፣ ሞተሩን እላዩ ላይ ሰቀለ፣ ቡሎኑን አጠበቀ። ሁለቱ ብቻ ሆነው በባዶ ጀልባ ሞከሩት። በረረ። ናስረዲን እንደ ልጅ ፈነደቀ። ሲታጠፉ ግን ሞተሩ ለአፍታ ጮኸ። የመኪና ጎማ ጭቃ ላይ ሲሽከረከር እንደሚጮኸው፣ ጉልበት እያለው የሚይዘው ነገር ያጣ ጩኸት ነበር። አጵሎስ ሰማው። ናስረዲንን ቀና ብሎ አየው፤ ናስረዲን አልሰማም። ሆሳዕና አንድ ዳቦ ቤት ጄነሬተሩ ቆሞበት፣ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት በየግማሽ ሰዓቱ ሲደውልለት ነበር። "ሞገዱ ነው" አለ በሆዱ። መፍቻውን ሰብስቦ ወጣ።

ጩኸቱ ግን አብሮት ወጣ። የዳቦ ቤቱን ጄነሬተር ሲፈታ ሰማው። በማግስቱም የአንድ ገበሬ ፓምፕ እየሞከረ ቱቦው አየር ስቦ ሲጮህ፣ እጁ መፍቻው ላይ ደርቆ ቀረ። ራሱ ድምፁ ነው። ፓምፑ የሚጮኸው ውሃ አጥቶ አየር ሲስብ ነው፤ ታዲያ ያኛው ሞተር ለምን ጮኸ? ናስረዲን ጋ ደወለ። "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አይገኙም።" ቆላው ኔትወርክ የለውም። ነገ እደውላለሁ አለ፤ ነገም አልተገኘም። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሳል። በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ተጋምሶ ሳለ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመና ስልኩ ላይ ስለ ጀልባ ሞተር የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ያይ ጀመር። ቋንቋው ግማሹ አልገባውም፤ ሥዕሉ ግን ገባው። ከፕሮፔለሩ በላይ አንዲት ጠፍጣፋ ብረት አለች። ያቺ ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ቢበዛ አንድ ጣት ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ከፍ ካለች ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ከዚያም ብሶ ሞተሩ ራሱን የሚያበርድበት ውሃ ይቋረጥበታል።

ጵርስቅላ ፈልጋ አጥሩ ሥር አገኘችው።

"ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?"

"ገና አልሞተም" አላት። የተናገረውን ቃል ራሱ ሰምቶ ደነገጠ።

ቀጣዩ የገበያ ቀን ማክሰኞ ነበር። በጠዋት ተነስቶ በአንጋጫ በኩል ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሙዱላ፣ ከሙዱላ ቁልቁል ወረደ። መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ወልቆ አንድ ሰዓት ፈጀበት፤ የሰው ሁሉ ሞተር ሲጠግን የራሱን ሳያየው ሰንብቷል። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ጀልባዋ የለችም። ሆሴዕ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ብቻውን መረቡን ይጠግናል።

"ናስረዲን የት ነው?"

"ማዶ ነው። መመለሻ ሰዓቱ ግን አልፏል" አለ ሆሴዕ። ቀና ብሎ ውሃውን አየ። "ነፋሱም ተነስቷል።"

አጵሎስ ዳር ዳሩን ሄደ፣ ተመለሰ። ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ሆሴዕ "ኧረ አረፍ በል፣ አዞረኝ" ብሎት ሳይጨርስ፣ ሩቅ ውሃው ላይ ጥቁር ነጥብ ታየ። ነጥቡ ወደ እነሱ አይመጣም። በጎን ይሄዳል፤ ነፋሱ ወደ ሰመጠው ጫካ እየገፋው ነው። የሞተር ድምፅ አይሰማም።

አጵሎስ ዋና አይችልም። የሆሴዕ የእንጨት ጀልባ ደግሞ ሁለት ሰው ከያዘች ጠርዟ ከውሃው አንድ ስንዝር ነው የሚተርፋት። ሆሴዕ "አንተ ምን ትሠራለህ?" ቢለው፣ የመፍቻ ቦርሳውን እንዳቀፈ ቀድሞ ገባ። ሆሴዕ ቀዘፈ። አጵሎስ ጠርዙን ጨምድዶ ያዘና ዓይኑን ከዚያ ነጥብ አልነቀለም።

ሲደርሱ ናስረዲን ላብ አጥምቆት የማስነሻውን ገመድ ይጎትታል። ገመዱ አይንቀሳቀስም፤ ሞተሩ ግሎ ነክሷል፣ ውስጡ ተጣብቋል። ዐሥራ አራት ሰው ከነዝንጅብሉ ከፊት በኩል ተጨናንቋል፤ ከኋላ ጭስ ስላለ ሁሉም ወደፊት ሸሽቷል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከጀልባዋ አራት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የሰመጡ ዛፎች ቅርንጫፍ እንደ ጣት ተገትሯል።

"አትጎትተው!" ጮኸ አጵሎስ። "ይሰበራል፣ ተወው፣ ይብረድ!"

ሆሴዕ ገመድ ወርውሮ ጀልባዋን ከኋላዋ፣ በነፋሱ ወገን ብቅ ካለ አንድ ቅርንጫፍ ጋር አሰራት። መንሸራተቷን አቆመች። አጵሎስ በልቡ እየጸለየ ወደ ብረቱ ጀልባ ተሻገረ።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለችው ጆንያዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት። አሰገደች ትባላለች፤ የዝንጅብል ነጋዴ ናት፣ ድምጿ ገበያ ሙሉ ይሰማል።

ዐሥራ አራት ሰው ያየዋል። መካኒክ ነኝ፣ ልረዳ መጣሁ ማለት ይችል ነበር። ውሸትም አልነበረም።

"ይሄን ሞተር ከፍ አድርጌ የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ያን ቀን ሲጮህ ሰምቼ ዝም ብዬ ሄጄአለሁ። ናስረዲን አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ናስረዲን ገመዱን ከእጁ ጣለ። "ሰምተህ?"

"ሰምቼ።"

ናስረዲን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ሰዎቹን አይቶ ዘጋው። አሰገደች ግን አልዘጋችም። "ጥፋትህንስ ሰማን! አሁን ምን ይሁን? እሱን ንገረን!"

አጵሎስ ጀልባዋን አየ። ሰውና ጭነት ከፊት ሆኖ አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ጀርባዋ ተነስቷል። ፕሮፔለሩ ግማሹ ይታያል። አራት ጣት የነበረው ስህተት በሰው ክብደት አንድ ስንዝር ሆኗል።

"ሁላችሁም ወደ ኋላ" አለ። "አንድ በአንድ፣ ቁጭ እንዳላችሁ። ማንም እንዳይነሳ። አንቺ መጀመሪያ፣ እትዬ።"

"እኔ ስለምከብድ ነው?"

"አዎ፣ ስለምትከብጂ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌሎቹም፤ የፍርሃት ሳቅ ነው። አሰገደች እየተሳደበች በመቀመጫዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ጆንያዎቹም ተላለፉ። የጀልባዋ ጀርባ ቀስ እያለ ወረደ፤ ፕሮፔለሩ ሰመጠ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ ቀረ። ለአጵሎስ ከመጥፎው ሁሉ የከፋው ይሄ ነበር። የሚፈታው የለም፣ የሚዞርበት ቦታ የለም። መዳፉን ወደ ትኩሱ ብረት እያስጠጋ፣ እየመለሰ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀመጠ። ምናልባት በዕድሜው ረጅሙ ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ገመዱን ቀስ አድርጎ ሳበው። ተንቀሳቀሰ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ጠርጎ መለሰ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረገ፣ ጎተተ። በአምስተኛው ተነሳ። ሁሉም ዓይን ሞተሩ ላይ ሲሆን የእሱ ዓይን ከጎኑ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ላይ ነበር፤ ሞተሩ ራሱን ያበረደበትን ውሃ የሚተፋው በእሷ ነው። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ እንደ ክር ቀጭን ውሃ ፈሰሰ።

"ቀስ" አለው ናስረዲንን። "ከዚህ በላይ ነዳጅ አትስጠው።" እንደ ኤሊ እየተሳቡ፣ ሆሴዕ ከፊት ጉቶውን እያሳያቸው፣ ዳር ደረሱ።

ሰዎቹ እንደወረዱ የናስረዲን አፍ ተከፈተ። ሁሉንም አለው። አጵሎስ አንገቱን ደፍቶ ሰማና ሲያበቃ፣ "አሁን እናውርደው" አለ።

"አውርደኸው ጉቶ ይብላው?"

"ጉቶ ቢመታው ፕሮፔለር ይጣመማል። ውሃ ካጣ ግን ሰው መሃል ላይ ይቀራል። አየህ እኮ!"

ናስረዲን ጀልባዋን ለመጎተት አንዱን ጫፍ ያዘ። ዳር አውጥተው ድንጋይ ላይ አሳረፏት። አጵሎስ በዚህ ጊዜ በዓይን አልለካም። ከሆሴዕ ጎጆ አንድ ቀጥ ያለ የቱቦላሬ ብረት አስመጥቶ በጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ኋላ ዘረጋው፤ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቆመና ጠፍጣፋዋ ብረት ከቱቦላሬው ጋር የት እንደምትገናኝ አየ። ጣውላውን አውልቆ ጣለው። ብረቷ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ሆነች። ቡሎኑን አጠበቀ። ከዚያ ናስረዲንን ያስገረመ ነገር አደረገ፤ መፍቻውን አልሰበሰበም። የአሰገደችን ዝንጅብል ለምኖ ጀልባዋን በሰው ክብደት ልክ ሞላትና ሙከራ ወጡ። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ደህና ነው። ሲታጠፉ ያ ጩኸት ትንሽ ተሰማ፤ ይሄኛውን ናስረዲንም ሰማው። ተመለሱ። ሰሌዳውን ግማሽ ጣት ሞረደው፣ እንደገና ጫኑ፣ እንደገና ወጡ። ስድስት ጊዜ ታጠፉ። ዝም አለ። ለጉቶው ደግሞ ሆሴዕ መላ አመጣ፤ እሱ ቦታቸውን በቃሉ ያውቃል፣ ቢጫ ጀሪካን እያሰሩ ምልክት ሊያደርጉባቸው ተስማሙ።

ሥራው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያዘው። ሆሳዕና ሦስት ደንበኞች ተቆጥተው ወደ ሌላ መካኒክ ሄዱ፤ ሁለቱ አልተመለሱም። ጵርስቅላ ስትነግረው "ይሁን" አለ፤ ይሁን ቢልም ቀኑን ሙሉ ከፋው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሥራውን ሊያይ ዳግመኛ ወርዶ፣ ሊሰናበት ሲል ናስረዲን ሰው መጫን ጀመረ። አሰገደች ግን ጆንያዋን ጭና እሷ ዳር ቆመች።

"ግቢ እንጂ፣ እትዬ" አላት አጵሎስ።

"አንተ ካልገባህ አልገባም።"

"እኔ ማዶ ምን ሥራ አለኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ተሠርቷል ካልክ ግባ።"

ሁሉም ይጠብቃል። አጵሎስ ወደ ሞተር ብስክሌቱ አየ፣ ወደ ውሃው አየ። ገባ። አሰገደች አጠገቡ ተደላድላ ተቀመጠች። ነፋስ ነበረ፣ ሞገድም ነበረ፤ እሱ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከሞተሩ ጎን ከምትፈሰው ቀጭን ውሃ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል አርባ ደቂቃ ሄደ። ሞተሩ አንዴም አልጮኸም። ማዶ ሲደርሱ ሰዉ እየተጋፋ ወረደ፤ አንዱ ስለ ጨው ዋጋ ያወራል፣ ሌላው ልጁን ይጠራል። አጵሎስን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።