ዳይሬክተሩ አሚን ብሎ ነበር ወይ?

አድማው አልቆ ነበር ወይስ አላለቀም? ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እኔ ራሴ አድማ ከመቱት አንዷ ነኝ፤ ግን ብትጠይቁኝ እናንተንም ግራ ከማጋባት ሌላ የምፈይደው የለም።

ያኔ ኮምቦልቻ ካምፓስ ረዳት መምህር ነበርኩ። ጂኤ ነው የሚሉን። ላብራቶሪ፣ በእኛ አጠራር ላብ፣ እናሠራለን፣ ፈተና እንጠብቃለን፣ ዋናው መምህር ስብሰባ አለብኝ ባለ ቁጥር ሮጠን ክፍል የምንገባው እኛ ነን። የተገባልን ቃል አንድ ነበር፤ ተራችሁ ሲደርስ ሁለተኛ ዲግሪያችሁን እንድትማሩ እንልካችኋለን። ተራው ሲደርስ ደግሞ "ዘንድሮ የሚተካችሁ ሰው የለም" ይባላል። ከርሞም ያው ነው። ኧረ ለመሆኑ ተተኪውን እኛ ነን እንዴ የምንወልደው!

ተራ ከደረሳቸው አንዷ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነበረች። ደሴ፣ ሆጤ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን፣ ጠዋት በሰርቪስ ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ ማታ እንመለሳለን። የወረኢሉ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ድምጿ ግን ለሁለታችንም ይበቃል። አዲስ አበባ አመልክታ ተቀብለዋታል። የቀራት ከካምፓሳችን "ልከናታል" የሚል ደብዳቤ ብቻ ነበር። ምዝገባው ሳይዘጋ ካላስገባች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለመግቢያ ፈተናው እንዴት እንዳጠናች የማውቀው እኔ ነኝ፤ መብራት ሲጠፋ በሞባይል እያበራች ስታነብ እንቅልፍ የነሳችኝ ልጅ ናት።

የካምፓሱን ዳይሬክተር ደብዳቤውን ስትጠይቀው "ይታያል" አላት። ይህችን ቃል የፈጠረ ሰው የት ነው ያለው? ማን እንደሚያየው አይነግርሽ፣ መቼ እንደሚያየው አይነግርሽ። ይታያል፣ በቃ።

እሷም በስብሰባ ላይ ብድግ አለችና "እንግዲያው ላቡን ማን እንደሚያሠራው እናያለን!" አለች። አጨበጨብን። በማግስቱ ላቡ ተቆልፎ ዋለ፤ እኛም ወርክሾፑ ፊት ያለው ዛፍ ስር ተሰበሰብን። ግራ መጋባቱ የጀመረው ያን ቀን ነው። አንዱ የላብ ብቻ አድማ ነው ይላል፣ ሌላው ፈተናም አንጠብቅም ይላል። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደግሞ ሰርቪስ እንሳፈር ወይስ አንሳፈር የሚል ክርክር ተነሳ። ተሳፈርን። አድማ ለመምታት በመሥሪያ ቤቱ መኪና የሚሄድ ሰው ከእኛ ሌላ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። የደሴ ብርድ የሚያልቅበት የሐረጎ ቁልቁለት ላይ እንደ ልማዳችን ሹራባችንን አወለቅን፣ ግቢው በር ላይ ወረድን፣ ለሹፌሩም አመሰግናለሁ ብለን ሥራ ልናቆም ገባን።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሽማግሌ ተላከብን። ጥምጣም ያደረጉም ነበሩ፣ ነጠላ ያጣፉም ነበሩ። ከካምፓሱ መኪና ሲወርዱ ከመካከላቸው ማንን ብናይ ጥሩ ነው? አከራያችንን!

አከራያችን፣ አባባ ነው የምንላቸው፣ ሰፈር ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጉና ለግቢው ሁሉ ዱዓ ያደርጋሉ። እሷ አሚን ትላለች፣ እኔ የደብረ ማርቆሷ አሜን እላለሁ፤ እሳቸው ሁለቱንም እኩል ይቀበላሉ። የቤታችን ቀን ያለዚያ አይመሽም ነበር።

ዛፉ ስር ተቀምጠው ጥሩ አድርገው ሰሙን። እሷም ተናገረች፤ ስለ ተራው፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ምዝገባው፣ አንድ አላስቀረችም። አከራያችን "እውነቷን ነው" ሲሉ ልቤ ሞቀ። ዳይሬክተሩ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ዳር ላይ ቆሟል። ከዚያ አከራያችን ብድግ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ተነስተን ዘረጋን።

"ያ ረቢ፣ እነዚህን ልጆች ወደ ተማሪዎቻቸው መልስልን!"

"አሚን!" አልን። ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሷ ድምፅ ነበር።

"የትልልቆቹንም ቃል አስጠብቅልን፤ ለትምህርት የሚሄዱትን በሰላም አስኪድልን!"

"አሚን!"

ፊታችንን በመዳፋችን አበስን። ሽማግሌዎቹ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ዳይሬክተሩም አጅቧቸው ወደ መኪናው ሄደ። እኛ እዚያው ተገትረን ቀረን።

"አለቀ እንዴ?" አለ አንዱ።

"ምኑ?" አለ ሌላው።

ነገሩ የገባኝ ስንመለስ ሰርቪስ ውስጥ ነው። ለካ ወሎ ውስጥ ሽማግሌ መርቆ አሚን ያለ ሰው ተስማማ ማለት ነው፤ ፊርማ የሚጠይቀው የለም። እኔ ምርቃት መስሎኝ ነው አሜን ያልኩት! መኪናው የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ጠቡ ጦፈ። አንዱ "አሚን ብለናል፣ አበቃ" ይላል። ሌላው "እኔ ተመረቅሁ እንጂ አልተስማማሁም" ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ ቀስ ብሎ "ለመሆኑ ለሁለተኛው ምርቃት ዳይሬክተሩ አሚን ብሏል?" ሲል ሁላችንም ዞረን አየነው።

ማን አይቶ? ሁላችንም የምናየው የየራሳችንን መዳፍ ነበር። አንዷ ስልክ ተደውሎለት ዞር ብሏል አለች። አንዱ "ወላሂ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ" ብሎ ማለ። "የሰማኸው ዘበኛውን ነው" አሉት። ደሴ እስክንገባ እንዲሁ ተነታረክን፤ ቴሌግራሙ ላይም ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ያቺ አድማውን የጀመረችው ልጅ ጋዋኗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየኋት።

"አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላብ አለኝ።"

"አብደሻል? ደብዳቤሽስ?"

"አሚን ብያለሁ።"

"አፍሽ ለምዶበት ነው እኮ!"

"ለምዶበትስ ቢሆን? አባባ የመረቁትን እኔ ላፍርሰው?"

በጣም ተናደድኩ። ደግሞም አፈርኩ፤ በምን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም። ያን ቀን ግማሾቹ ክፍል ገቡ፣ ግማሾቹ ዛፉ ስር ቀሩ። እኔ ጠዋት ላብ አሠራሁ፣ ከሰዓት ዛፉ ስር ሄጄ ተቀመጥኩ። አትሳቁብኝ። እዚያም እዚህም ወዳጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ተማሪዎቹ እንኳ "ቲቸር፣ አንቺ በየትኛው ነሽ?" ይሉኝ ጀመር።

ላቧን ጨርሳ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች፤ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። "ሽማግሌዎቹ የመረቁት ለሰላም ነው፣ የደብዳቤው ጉዳይ ይታያል" ብሏታል።

ለአባባ ነገርናቸው። መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ።

"አሚን አላለም?" አሉ በመጨረሻ። "እናንተ አላያችሁም?"

"እርስዎስ አባባ?" አልኳቸው።

"እኔማ ዱዓ ሳደርግ ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

በማግስቱ ጥምጣማቸውን አሳምረው ከእኛ ጋር ሰርቪስ ላይ ወጡ። ሹፌሩ ጋቢና አስቀመጣቸው። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ሲያያቸው ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ፣ ወንበር አስመጣ፣ የታሸገ ውሃ አስመጣ፣ ካምፓሱን ሰላም ያደረጉልን አባት እያለ ለጸሐፊዋ አስተዋወቃቸው። አባባ ውሃውን አልነኩትም።

"አሚን ብለሃል ወይስ አላልክም?" አሉት።

"አባባ ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። "ለዱዓ አሚን የማይል ሰው ይኖራል?"

"የልጂቱ ደብዳቤስ?"

"እሱማ ይታያል።"

አባባ አዩት፣ እኔን አዩኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ እንዲህ ያለ መልስ የገጠማቸው አይመስለኝም። ቢል ቃሉን በጠበቀ፣ ባይል በተሟገቱት። ይህ ግን ምኑ ይያዛል? ስንመለስ ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲጀምር ሁላችንም ሹራባችንን ለበስን፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ደሴ ደረሱ።

ደብዳቤው አልመጣም። ምዝገባው የተዘጋ ቀን እሷ ላብ እያሠራች ዋለች። ዛፉ ስር የነበሩትም አንድ በአንድ ወደ ክፍል ተመልሰው ነበር፤ ማንም አድማው አለቀ ብሎ አልተናገረም፣ ማንም አሸነፍን ወይም ተሸነፍን አላለም።

የዚያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ ተቀመጥን። አባባ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ያ ረቢ፣ ይህን ግቢ ሰላም አድርግልን።"

እሷ አሚን አላለችም። እሳቸው ጠበቁ። እኔ ብቻዬን አሜን ልበል? ብል እሷን የከዳሁ መሰለኝ፣ ብተወው እሳቸውን የተዳፈርኩ መሰለኝ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባባ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

"ዛሬ ዱዓውን አንቺ አርጊ፣ ልጄ" አሏት። "እኔ አሚን ልበል።"

"እኔ? እርስዎ ባሉበት?"

"አርጊ።"

መዳፏን ዘረጋች። ከዚያ በዚያ ስብሰባው ላይ ባስጨበጨበን ድምጿ ሳይሆን በቀጭን ድምፅ፣ "ያ ረቢ፣ ያንን ሰውዬ የምሩን አሚን አስብለው" አለች።

"አሚን" አሉ አባባ።

ዓይናቸውን አልጨፈኑም ነበር። እሷን እያዩ ነው ያሉት።