የጋሽ በቀለ መነጽርና የእትዬ አስካለ ማበጠሪያ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ የሚስቴን ፀጉር ለመኑኝ። አንድ ሁለት ዘለላ ብቻ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። ገጠር ያለው ወንድማቸው በቆሎውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። ስለዚህ ለጠመንጃው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር እዚሁ አስኮ፣ ጓሯቸው ውስጥ ሠሩለት።

የቀረው መሃሉ ላይ የሚዘረጋው የማነጣጠሪያ መስቀል ነው። ሽቦ ሞከሩ፤ ወፍሮ ዝንጀሮውን ከነቤተሰቡ ጋረደው። ቀጭንና ረጅም የሴት ፀጉር ግን ይሆናል አሉ።

ፀጉር ፍለጋ በክብር ግቢውን ዞርን። በጥልቅ ሐዘን የምገልጸው፣ የሴቶቻችን ፀጉር በሙሉ ከውጭ የገባ ሰው ሠራሽ ነው። የባለቤቴም ጭምር። (ይህን ስታነብ እራቴን እንጃ።)

ጋሼ ወደ ቤት ገቡና የሟች ሚስታቸውን የእትዬ አስካለን ማበጠሪያ ይዘው ወጡ። ማንንም አስነክተውት አያውቁም። የቀሩበትን ሁለት ፀጉሮች ቀስ ብለው አውጥተው፣ አጠላልፈው አጣበቁ።

ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ መንገዱ አዩ። ቆዩ።

«ጋሼ፣ ለወንድምዎ መቼ እንላክለት?» አልኳቸው።

«ተወው ባክህ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሱ። «ዝንጀሮውን በወንጭፍ ያባር።»

እናንተስ ቤት ለወንድምም የማይሰጥ ምን አለ? እስቲ ንገሩኝ።