ሰርግ ቤት የተጨፈረበት ለቅሶዬ

ባለፈው እሁድ ከእናቴ ጋር ገነተ ማርያም ሰርግ ላይ ነበርኩ... ወንድሜ ሞላ ከሞተ ወዲህ እናቴ የሰርግ ቤት ደጅ ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላም ከሏን አላወልቅ ብላ ነበር። ለምና፣ ተቆጥታ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳ ያመጣቻት አክስቴ እትዬ ዘነቡ ናት። መንገድ ላይ እጇን ይዛ «ሙት አይመለስም። አንቺ ግን ወደ ሰው ተመለሽ» ስትላት ሰምቻለሁ።

ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። እናቴ በላች። ከሚዜዎቹ አንዱ ሲጨፍር ጫማው ወልቆ ሙሽራዋ እግር ስር ሲያርፍ ደግሞ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እንባዬን እንዳታይ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ ዲጄው ሰሞኑን አገር ያነቃነቀ የእኛው ሰፈር ዘፈን ነው ብሎ አንድ ዘፈን ከፈተ። ወጣቱ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ምቱ ፈጣን ነው። ከምቱ በላይ አንዲት ሴት «ሞላዬ ና ግባ፣ ሳይመሽብህ ግባ» ትላለች።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ሞላ የሞተው ከፍላቂት ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ነው። ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ቢኒያም ስቱዲዮ ሄድኩ። ቢኒያም የሞላ ጓደኛ ነው፤ የእኔም... ለፋሲካ ሽማግሌ ሊልክ የነበረ ሰው። ላሊበላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ዘፈን ይቀዳል። አዲስ ማይክ ሊሞክር ፈልጎ አፍሽ ላይ የመጣልሽን በይ አለኝ። የመጣልኝ ለወንድሜ የገጠምኩት ሙሾ ነበር። ስጨርስ አቀፈኝ። «አጠፋዋለሁ» አለ። አመንኩት።

አላጠፋውም። ድምፄን አፍጥኖ፣ ምት ጨምሮ፣ ስለ ሞቱ የሚናገረውን ግጥም ቆርጦ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። እኛ ቤት ከሐዘኑ ወዲህ ሙዚቃ ተከፍቶ አያውቅም። ተማሪዎቼ ሲያንጎራጉሩት ሰምቻለሁ፤ ግን የራሴ ለቅሶ ነው ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ድምፄን ከእኔ ቀድማ ነው ያወቀችው።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ለቅሶሽን የሚቀበልሽ የለም እንዴ?»

እኛ ዘንድ ሙሾ ብቻውን አይተውም። አንዷ ስታወርድ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እየሰሙ ዝም ማለት ሟቹን መናቅ ነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ መሀል ገባች። እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ደረቷን መታች፣ እንደገና ዘረጋች።

ወጣቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እልል አሉላት። «እማማ ችለውበታል» እያሉ ስልካቸውን ደቀኑ።

እትዬ ዘነቡ ተከትላት ገባች። ከዚያ ሌሎቹ ባልቴቶች ነገሩ ገብቷቸው፣ አንድ በአንድ ተነስተው ተቀበሏት። ጭብጨባው ባሰ። ዲጄው ሰው ወደደው ብሎ ከመጀመሪያው ደገመው። ዝጋው እያልኩ ጮህኩ፤ ማን ይሰማል... ሰው ገፍቼ ሄጄ ገመዱን ነቀልኩት።

ሙዚቃው ቆመ። እናቴ ግን አልቆመችም። ቢኒያም ቆርጦ የጣለውን ግጥም ብቻዋን ቀጠለች።

«የፍላቂት መንገድ ምን አድርጎህ ነበር፣
ሞላዬን አስቀርተህ ሌላውን ማሻገር።»

ያኔ ነው ስልኮቹ የወረዱት። ሙሽራዋ አለቀሰች። የሰው ሰርግ ለቅሶ ቤት ሆነ። እናቴ እያንዳንዱን ሰው ይቅርታ እየጠየቀች ከዳሱ ወጣች... እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው።

በማግስቱ ቢኒያም ዘንድ ሄድኩ። ምክንያት ደረደረልኝ። ዓመታት የለፋባቸውን ዘፈኖች ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፤ ይህችን ግን ለመሞከር ያህል ጣል አድርጓት ነበር፤ ሰው ይሰማታል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ከዚያ የእናቴ ቪዲዮ ከዘፈኑም በላይ እየታየ መሆኑን ነገረኝ። እንደ ምሥራች።

«ቢኒያም፣ አንተ እኮ የሞላን ሬሳ ተሸክመሃል» አልኩት።

«ታዲያ ስሙን አገር ሁሉ አላወቀለትም?»

አልጮህኩበትም። ይህን ሰው ነው ላገባ የነበረው።

«ሽማግሌዎቹን ላክ» አልኩት። «እኔን እንዲጠይቁልህ ግን አይደለም። እናቴን ይቅርታ እንዲጠይቁልህ ነው። ዘፈኑንም ዛሬውኑ አውርደው።»

እስካሁን ማንም አልመጣም። ዘፈኑም አልወረደም። እናቴ ነጩን ቀሚስ አጥፋ አስቀምጣ ከሏን መልሳ ለብሳለች፤ እትዬ ዘነቡም ከእንግዲህ አፍ አውጥታ የምትለምናት አይመስለኝም።

እወደው ነበር። ይህን በአደባባይ መጻፍ አሳፍሮኝ ነበር፤ አሁን ግን የሚያፍረው እሱ ይሁን።

በዘፈኑ የጨፈራችሁ ሁሉ... የወንድሜን ለቅሶ ስለደረሳችሁን፣ ብድራችሁን እግዜር በደስታ ይመልሰው።