ዳማ የምታርፍበት ዓመት

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ከጓሮ የሚመጣ የራሰ ገለባና የቡችላ ሽታ አለ፤ ወተት ወተት የሚል፣ ትንሽ የሚኮመጥጥ፣ እንግዳ ሰው አፍንጫውን የሚይዝለት ሽታ። እኔን ግን በመጣ ቁጥር ሐረር፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ወደነበረው የአያቴ ግቢ ይዞኝ ይሄዳል፤ ዕድሜዬም ወደ አሥር ዓመት ግድም ይወርዳል።

አያቴን አባባ ነበር የምላቸው። የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ሰው ነበሩ። እናቴ ሞታ፣ አባቴም ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ውስጥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወር እኔ ለእሳቸው ቀረሁ። በግቢው ከሁለታችን ሌላ የነበረችው ዳማ ብቻ ናት፤ ቀይ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ጣል ያለባት ሴት ውሻ። ከተማው ሲመሽ የጅብ ስለሆነ ጥሩ ውሻ የማይመኝ ቤት አልነበረም፣ የዳማ ልጆች ደግሞ በሆነ ባልሆነው የማይለፈልፉ፣ ሲጮኹም በምክንያት የሚጮኹ ናቸው ተብለው ስም አውጥተው ነበር።

ዳማ በሰኔ ስትወልድ እኔም የአባባን ውሻ የማስወለድ ሥራ መማር ጀመርኩ። በየጠዋቱ ጆንያውን አውጥቼ አራግፌ፣ ገለባውን ቀይሬ፣ ለእናቲቱ በአጥንት መረቅ የገብስ ገንፎ አብስዬ፣ ደካማው ቡችላ በጉልበተኞቹ ተገፍቶ ጡት እንዳያጣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ቡችላ ፈላጊ ሲመጣ አባባ አስቀድመው የሚጠይቁት «ሌሊት የት ነው የሚተኛው?» ብለው ነበር። «ውሻ አይደለም እንዴ አባባ፣ ውጭ ነዋ!» ብሎ የሳቀ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አጥር በሌለው ደጅ የታሰረ ውሻ የጅብ እራት ነውና። ቁጡ እንዲሆንልኝ በርበሬ አበላዋለሁ ያለ ሰውማ «መጀመሪያ አንተ ብላና ስትቆጣ ልይህ» ተብሎ ተሸኝቷል። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም፣ አባባ ቤቱን ሄደው ሳያዩ አይሰጥም፣ የወሰደውም ሰው ማሳደግ ካቃተው ወደ እኛ ይመልሰዋል እንጂ መንገድ ላይ አይጥለውም።

የሚያስጨንቁት ሴቶቹ ቡችሎች ነበሩ። ሴት ውሻ ወስዶ በየጊዜው ቡችላ መልቀም ማን ይፈልጋል? በሌላው ቤት ሴት ቡችላ ስትወለድ በጆንያ አድርገው ከሰፈር ውጭ ይጥሏታል፣ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። አባባ ግን «እኔ ያስወለድኩትን ጅብ አያሳድግልኝም» እያሉ ለሴቶቹ ቤት ፍለጋ ዱላቸውን ይዘው ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ነበር።

ለእኔ የክረምቱ ደስታ ሌላ ነበር፤ ቡችላ ሲኖር ሰው ይመጣ ነበር። ከሁሉም በላይ የምትመጣው ዘይነባ ነበረች። የአቦከር ሰፈር ልጅ ናት፣ እናቷ ሸዋ በር ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ይሸጡ ነበር፣ ልጅቱ ስታስቸግራቸው «ሂጂ፣ ቡችሎቹን አይተሽ ነይ» ይሏታል። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከጆንያው አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማ፣ ለእያንዳንዱ ስም ታወጣ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ዘሎ እግሯን ሲልሳት «ነጃሳ! ወላሂ እማዬ ትገድለኛለች!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ በርሜላችን አጠገብ ተቀምጣ አንዴ በአፈር፣ ስድስቴ በውኃ እያጠበች በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም ውኃውን እያፈሰስኩላት አብሬ ሳቅኩ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። አጎቷ ድሬ ጠያራ ገጠር ማሽላውን ዝንጀሮ አላስበላ ብሎት ውሻ ይፈልግ ስለነበር ከሴቶቹ አንዷ በእሷ በኩል ቤት አገኘች፤ አባባ እስከዚያ ድረስ ሄደው የምትተኛበትን ጎጆ አይተው፣ ረክተው ተመለሱ።

መስከረም ሲጠባ የመጨረሻው ቡችላ ሄደ፣ ግቢያችንም ጭር አለ። ዘይነባ ሁለት ሦስቴ መጥታ ከበሩ ሆና ዳማን አይታ ተመለሰች፣ እናቷም «ትልቅ ውሻ ያለበት ቤት ምን አለሽ?» ማለት ጀመሩ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ፀሐይ ላይ አንቀላፍተው፣ ዳማ እግራቸው ሥር ተጋድማ አገኛቸው ነበር፣ ሌላ ድምፅ የለም። ኅዳር ላይ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ዳማ መቼ ነው እንደገና የምትወልደው?»

«የሚመጣው ክረምት። አሁን ወንድ ብትፈልግም ትለፈው፣ ማረፍ አለባት።»

«የሌሎቹ ውሾች እኮ አያርፉም!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባባ እንደልማዳቸው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የዳማን ጎን ዳሰሱ፤ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። «እናትሽም አላረፈችም» አሉኝ። «አንቺን ወልዳ፣ ገና ዓመትሽ ሳይሞላ ሁለተኛውን አረገዘች። እኔ አባቷ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ፣ ሁለቱንም ባንድ ጉድጓድ ቀበርኳቸው።» እናቴ እንዴት እንደሞተች የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ታኅሣሥ ገባ፣ ዳማ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ደረሰ፣ አባባ ደግሞ የስለት ጥላቸውን ይዘው ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱበት ጊዜም እሱ ነበር። ዳማን እንጨት ማከማቻው ውስጥ አስገብተው፣ የአጥሩን ሽንቁር ሁሉ በድንጋይ ደፍነው፣ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፣ አንቺ ግን ውሻውንም እንዳታስገቢ» ብለው፣ ማታ ማታ አብራኝ የምታድር ጎረቤት ለምነውልኝ ሄዱ። የሰፈሩ ወንድ ውሾች በራችን ላይ ተሰብስበው እርስ በርስ ይናከሱ ጀመር፣ ዳማም ከውስጥ በሩን እየቧጨረች ታለቅስ ነበር።

በዚያ መሀል አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ከዳማ ቡችላ ለማግኘት ብለው የሚኮሩበትን ትልቅ ውሻቸውን በገመድ ይዘው መጡ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ከኋላቸው ዘይነባ ቆማለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ክፈቺ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አባባ አይሰሙም። ቢሰሙስ፣ ቡችላ ሲያዩ ይረሱታል።»

«ክፈቺላቸው እንጂ!» አለች ዘይነባ። «ቡችላ ከሌለ እኔ ለእማዬ ምን ብዬ ነው የምመጣው?»

እጄ የግቢው በር መወርወሪያ ላይ ነበር። ብከፍተው ዘይነባ እንደምትመጣ፣ ባልከፍተው እንደምትቀር እንደዚያ ቆሜ ገብቶኛል። የቆርቆሮው ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር፣ የዳማም ልቅሶ ከጓሮ ይሰማኝ ነበር፣ ሆዴ ደግሞ ዘይነባን ዘይነባን ይል ነበር።

«ዳማ ዘንድሮ ታርፋለች» አልኩ። እጄንም ከመወርወሪያው አነሳሁ። ጋሽ በቀለ «የሽማግሌው ግልባጭ!» ብለው ስቀው ውሻቸውን ጎትተው ሄዱ። ዘይነባ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ የእግሯ ድምፅ ወደ ገበያው በኩል ራቀ።

የዚያ ዓመት በጋና በልግ ረጅም ነበር። አባባ ከቁልቢ ሲመለሱ ጎረቤቶች ነግረዋቸው ኖሮ ራሴን ዳበስ አደረጉ፣ እሳቸው ከዚያ በላይ ማመስገን አያውቁም ነበር። ዳማ ሥጋ አወጣች፣ ፀጉሯ አማረ። እኔ የትምህርት ቤቱን ወሬ ሁሉ ለእሷ እያወራሁ፣ ገንፎዋን እያበሰልኩ፣ ብቻዬን ከረምኩ። ግንቦት ማለቂያ ላይ አባባ ራሳቸው ከመረጡት፣ ዝምድና ከሌለው ውሻ ጋር አገናኟት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ ወለደች፣ አንድም ሳይሞትባት ሁሉም ጡት ያዙ።

በዝናብ ወደ ገበያ ሮጥኩ። የዘይነባ እናት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ጎመን ዘርግታ ተቀምጣለች። «እነሱማ ከፋሲካችሁ በፊት ጅጅጋ ገቡ» አለችኝ። ተመልሼ ገለባው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ቡችሎቹም እላዬ ላይ ወጡ።

አሁን እኔም አርጅቼ በሌላ ከተማ ውሻ አስወልዳለሁ። አንዷ ውሻዬ ወልዳ ካሳደገች የሚቀጥለውን ጊዜ ታርፋለች፤ ሰው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ በሩን እዘጋዋለሁ። ያን ቀን በሩን ባለመክፈቴ ዘይነባን እንዳጣኋት ያኔም አውቅ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ። ያኔ ግን ደጅ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እሷ ናት ብዬ ቀና እል ነበር። ዛሬ ቀና አልልም፤ የሚመጣው ቡችላ ፈላጊ ነው፣ ቡችላ በሌለበት ዓመት ደግሞ የሚመጣ የለም።